የሥዕሉ መርከብና እውነተኛው መርከብ

ለቡድን ጥናት የተዘጋጀ ትምህርት



በዚህ ጊዜ የምናቀርብላችሁ ትምህርት መነሻው አንድ አሮጌ የጋዜጣ ሥዕል ነው። የትምህርቱ ዓላማ ስለ መርከብ ታሪክ ማስተማር ብቻ አይደለም። በሥዕል አማካይነት የሰውን መከራ የምንመለከት ሁላችን፣ እናንተ ከሩቅ ሆናችሁ የምትረዱ፣ እኛም በመካከል ሆነን የምናደርስ፣ አስተያየታችንን እንድንመረምር ነው። በሥዕል አይተን ልባችን ካዘነ በኋላ ለምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ብንቀር፣ ኀዘናችን ለተቸገረው ሰው የሚጠቅመው ጥቂት ነውና።

1. በጎንደር የሰቀልነው ሥዕል

ከዳባት፣ ከደባርቅና ከወገራ የመጡ የልማት ኮሚቴ አባላት በጎንደር ከተማ ለሦስት ቀን ትምህርት ተሰብስበው ነበር። ርእሱ «አደጋ ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት» የሚል ነበረ። ትምህርቱ በቃል ብቻ እንዳይሰለች ብለን የአንድ ሥዕል ቅጂ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቀልን። ሥዕሉ የታይታኒክን መስጠም ያሳያል። ግዙፉ መርከብ ፊቱን ወደ ባሕር ደፍቶ ጀርባው ወደ ሰማይ ተነሥቷል። አራቱም የጭስ ማውጫዎች ጢስ ያወጣሉ። በአካባቢው በረዶ ይታያል፤ በፊት ለፊት ሰዎችን የያዙ ጀልባዎች በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኛው ባሕር አይቶ አያውቅም። ጣናን ያዩ ግን ብዙዎች ነበሩ፤ በጎርጎራ በኩል ከደንገል በተሠራ ታንኳ የተሻገሩም አሉ። «ምን ታያላችሁ?» ብለን ጠየቅን። አንዱ፣ «ትልቅ ነገር ሲወድቅ አያለሁ» አለ። ሌላው፣ «በታንኳ ያሉት ወደ ኋላ ዞረው የሚያዩት ቤተ ሰባቸውን ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ከደባርቅ አቅራቢያ የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡና እንዲህ አሉ፤

«ልጆቼ፣ ይህን የሣለው ሰውዬ በየትኛው ታንኳ ላይ ተቀምጦ ነው?»

ሁሉም ሣቁ። እኛም ሣቅን። ነገር ግን መልስ አልነበረንም። የዚህ ትምህርት ሥሩ ያ ጥያቄ ነው።

2. ሠዓሊው በዚያ አልነበረም

ታይታኒክ የሰጠመው ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በአገራችን አፄ ምኒልክ ታመው የተኙበት ዘመን ነበረ። ሥዕሉን የሣለው ዊሊ ሽተቨር የሚባል ጀርመናዊ የመርከብ ሠዓሊ ሲሆን፣ የሣለውም በዚያው ዓመት «ጋርተንላውበ» ለተባለው የጀርመን ቤተ ሰብ መጽሔት ነው። ሽተቨር በታይታኒክ አልተሳፈረም፤ በጀልባዎቹም ላይ አልተቀመጠም። ከቴሌግራፍ ወሬና መርከቦችን ከሚያውቅበት ሙያው ተነሥቶ በቤቱ ሣለው። ስለዚህ ለእናታችን ጥያቄ መልሱ «በየትኛውም» የሚል ነው።

ይህ ማለት ግን ሠዓሊው ዋሸ ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን የአደጋ ፎቶግራፍ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ጋዜጦች ሠዓሊ ይቀጥሩ ነበር። አንዳንዱ ሠዓሊ በቦታው ተገኝቶ ይሥላል፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ዊልያም ሲምፕሰን የተባለውን ሠዓሊ ወደ አገራችን ልኮት ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ከወሬ ይሥላል። አንባቢው ግን ሁለቱን በአንድ ዐይን ያያቸዋል፤ ሁለቱም በወረቀት ላይ እኩል እውነት ይመስላሉና።

እኛ የጎንደር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። በአገራችን የቆየ የሥዕል ሥርዐት ጻድቁ በሙሉ ፊቱና በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ሥዕሉን የሚያየው ሰው ሰይጣን በእርግጥ አንድ ዐይን ብቻ አለው ብሎ አያስብም፤ ሠዓሊው ምን ሊነግረው እንደ ፈለገ ያውቃል። የጋዜጣ ሥዕልም የራሱ ሥርዐት አለው። ልዩነቱ አንባቢው ሥርዐት መሆኑን መርሳቱ ነው።

3. ሥዕሉ የሳተው

ሽተቨር በአራቱም የጭስ ማውጫዎች ላይ ጢስ ሥሏል። ነገር ግን አራተኛው በዋነኛነት የአየር ማስተላለፊያ ነበር እንጂ ከእሳት ምድጃዎቹ ጢስ የሚወጣበት አልነበረም። ይህ ትንሽ ስሕተት ነው።

ትልቁ ስሕተት መርከቡ ሳይሰበር፣ ሙሉ አካሉን እንደ ያዘ ሲሰጥም ማሳየቱ ነው። በዚያች ሌሊት በጀልባ ላይ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች መርከቡ ለሁለት ሲሰበር አይተናል ብለው መስክረው ነበር። በእንግሊዝ አገር የተቀመጠው መርማሪ ጉባኤ ግን ምስክርነታቸውን ሳይቀበል ቀረ። ከ73 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሮበርት ባላርድና ዣን ሉዊ ሚሼል የመሩት ቡድን ስብርባሪውን 3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አገኘው። ይህ ጥልቀት ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከምትገኝበት ከፍታ ይበልጣል። መርከቡም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በውኃው ላይ ሆነው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ያዩት ሰዎች እውነት ተናግረው ነበር፤ የተማሩት ዳኞችና በቤቱ የተቀመጠው ሠዓሊ ሳቱ።

የጽሑፉም ወሬ ከሥዕሉ የተሻለ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን አንዳንድ ጋዜጦች መንገደኞቹ ሁሉ ድነዋል ብለው በትልቅ ፊደል አትመው ነበር። በዚያን ሰዓት 1,500 ያህል ሰዎች ሞተዋል።

4. ሥዕሉ ሊያሳይ ያልቻለው

ሆኖም ከሳተው ይልቅ ሊያሳይ ያልቻለው ይበልጣል። አራት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛ፤ ሕጉን። በመርከቡ ላይ 2,200 ያህል ሰዎች ነበሩ። የሕይወት አድን ጀልባዎቹ 20 ሲሆኑ ሊይዙ የሚችሉት 1,178 ሰው ነበር። ይህ ሕግ መተላለፍ አልነበረም። የእንግሊዝ ደንብ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ መርከብ ሁሉ 16 ጀልባ ይበቃል ይል ነበር። ታይታኒክ ግን ከ46,000 ቶን በላይ ነበረ። መርከቡ አደገ፤ ሕጉ በነበረበት ቀረ።

ሁለተኛ፤ ባዶውን መቀመጫ። በመጀመሪያ የወረደው ጀልባ 65 ሰው ሊይዝ ሲችል 28 ያህል ይዞ ሄደ። 40 ሰው የሚይዝ ሌላ ጀልባም 12 ሰው ብቻ ይዞ ወረደ። ሰዎቹ አደጋው እውነት መሆኑን ገና አላመኑም ነበር፤ የታላቁ መርከብ መብራት በርቶ፣ ሙዚቃው እየተሰማ፣ ወደ ጨለማ ባሕር በትንሽ ጀልባ መውረድ ሞኝነት መሰላቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ጀልባ አልተገኘም።

ሦስተኛ፤ ማዕረጉን። ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሲድኑ ከሦስተኛ ማዕረግ የዳኑት ሩብ ያህል ብቻ ናቸው። በሥዕሉ ላይ በጀልባ ያሉት ሰዎች ትንንሽ ነጠብጣቦች ስለሆኑ ማን ከየትኛው ማዕረግ እንደ ሆነ አይለይም። ባሕሩ ሁሉን እኩል ያደረገ ይመስላል። እኩል አላደረገም።

አራተኛ፤ የተኛውን ጎረቤት። በዚያው ቀን ስለ በረዶ የሚያስጠነቅቁ ብዙ መልእክቶች በራዲዮ ቴሌግራፍ ደርሰው ነበር፤ መርከቡ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። ካሊፎርኒያን የተባለ መርከብ በቅርብ ቆሞ ነበር። የራዲዮ ሠራተኛው አንድ ብቻ ስለ ነበረ ሥራውን ጨርሶ ተኛ። መኮንኖቹ በሌሊት ወደ ሰማይ የተተኮሰውን የጭንቅ ርችት አዩ፤ ነገር ግን ሠራተኛውን ቀስቅሰው አልጠየቁም። ካርፓቲያ የተባለው መርከብ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ ያህል ማለት ነው፣ ጥሪውን ሰምቶ በበረዶው መካከል በሙሉ ኃይሉ መጣ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ደርሶም ከ700 በላይ ሰዎችን አነሣ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። በዚያች ሌሊት ግን የቅርቡ ተኛ፤ የሩቁ ደረሰ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን የጳውሎስን የመርከብ ጉዞ የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። በዚያም ጉዞው ጉዳት እንደሚያመጣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር፤ የመቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ይልቅ የመርከቡን ባለቤት ሰማ። በመጨረሻ 276ቱም ሰዎች በሕይወት ወደ ምድር ደረሱ፤ መርከቡ ግን ጠፋ። ሉቃስ ይህን ሲጽፍ ሰዎቹን ቆጥሯል። የሰውን ቁጥር በትክክል መያዝ የፍቅር አንዱ ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

5. በእኛው አቅራቢያ ያለው ባሕር

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። ወደ ቅርባችን እንምጣ።

ግንቦት 8 ቀን 1924 ዓ.ም. ዦርዥ ፊሊፓር የተባለ አዲስ የፈረንሳይ የመንገደኞች መርከብ ከሩቅ ምሥራቅ ሲመለስ ከጓርዳፉይ ርእሰ ምድር አጠገብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፣ በሌሊት ተቃጠለ። ከ760 በላይ ሰዎች ነበሩበት፤ ከ50 በላይ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ አልበር ሎንድር የተባለ ዝነኛ ጋዜጠኛ ነበረ። የቀሩትን ያዳኗቸው አንድ የሶቪየት ነዳጅ ጫኝ መርከብና ሁለት የእንግሊዝ ጭነት መርከቦች ናቸው። ዓለም ይህን አደጋ አወቀው፤ ጋዜጦችም ብዙ ጻፉለት።

በዚያው ባሕር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ዛሬም ሰው ይሰጥማል። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 260 ያህል ኢትዮጵያውያንንና ሶማሌዎችን የጫነ ጀልባ በየመን ዳርቻ ሰጠመ። የ49 ሰዎች ሞት ወዲያው ሲታወቅ 140 ያህሉ የደረሱበት ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት ሌላ ጀልባ በአብያን ግዛት አጠገብ ተገልብጦ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚህ ጀልባዎች ማዕረግ የላቸውም፤ የሕይወት አድን ጀልባ የላቸውም፤ ብዙ ጊዜ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር እንኳ የላቸውም። ሠዓሊም አልሣላቸውም። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል እንደ ሄደ የሰሙ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ ዝም ያለባቸው እናቶች በየአገሩ አሉ። ልቅሶ ለመቀመጥ ሬሳ የለም፤ ተስፋ ለማድረግም ወሬ የለም።

ይህን በስብሰባው ላይ ስንናገር የአዳራሹ ጸጥታ ተለወጠ። ባሕር ያላዩት ሰዎች የባሕሩን አደጋ ከእኛ ይልቅ ያውቁት ኖሯል።

6. በገዛ ቤታችን ያለው ሥዕል

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ወር የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረኀብ መግባቱን ለዓለም አስታውቆ እርዳታ ጠይቆ ነበር። ዓለም በእውነት የነቃው ግን ከሰባት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ መሐመድ አሚን በቆረም ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ማስጠንቀቂያው ቁጥርና ቃል ነበረ፤ ፊልሙ ፊት ነበረ። በነዚያ ሰባት ወራት መካከል ስንት ሰው እንደ ሞተ ማሰብ ያስፈራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ሁላችን እናውቃለን፤ የሚያስቸግረው ገና ያልተቃጠለውን ነገር ማንም ሥዕል አለማንሣቱ ነው። ርችቱ ተተኩሷል፤ ጎረቤት ግን የሚነቃው መርከቡ ሲሰጥም ሲያይ ነው።

ስለ ሥዕል ኃይል ስንናገር ግን የራሳችንን በደል መሸሸግ አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ባዘጋጀነው አንድ ጽሑፍ ላይ የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍ አወጣን። ልጁ ከስቷል፤ ያለቅሳል። ከሥሩ «በደጋው የገባው ድርቅ» ብለን ጻፍን። ጽሑፉ ለብዙዎች ደረሰ፤ ከወትሮው የበለጠ እርዳታም መጣ። ከወራት በኋላ እህል በሚታደልበት ቦታ አንዲት ሴት ያን ገጽ በእጃቸው ይዘው መጡ። የልጁ እናት ነበሩ። እንዲህ አሉን፤

«ልጄ ያን ጊዜ ታሞብኝ ነበር እንጂ አልተራበም። በዚያ ዓመት ገብሴን አምርቻለሁ፤ ለጎረቤትም አበድሬአለሁ። ለምን በአገር ፊት ልጄን የማላበላ አደረጋችሁኝ?»

ይቅርታ ጠየቅናቸው። ይቅርታ ማድረጉን አደረጉልን፤ ገጹን ግን አልመለሱልንም፤ አጥፈው ወደ ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። እኛ በዚያ ቀን በየትኛው ታንኳ ላይ እንደ ነበርን አወቅን። እንደ ሽተቨር በቤታችን ተቀምጠን የሚሰጥም መርከብ ሥለናል። እርሱ እንኳ በእውነት የሰጠመ መርከብ ነው የሣለው።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ደንብ አወጣን፤ ቦታው፣ ቀኑና የባለቤቱ ፈቃድ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከእጃችን አይወጣም። ይህ ደንብ ዋጋ አለው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ወረዳዎች ድርቅ በገባ ጊዜ ከብት የሞተበትን መስክና ባዶ ጎተራ አሳየን፤ ወረፋ ይዘው በክብር የቆሙ አባቶችን አሳየን። የሚያለቅስ ሕፃን አላሳየንም። ምናልባት የሚያለቅስ ሕፃን ብናሳይ የበለጠ ይመጣ ነበር። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ በሌሊት ይቀሰቅሰናል፤ የእናቲቱን ክብር ስንጠብቅ የሌላውን እናት እህል አሳንሰን ይሆን? ቀላል መልስ የለንም። ነገር ግን ውሸት በሆነ ሥዕል የተሰበሰበ እርዳታ ነገ እውነተኛው ርችት ሲተኮስ የሚያምን ሰው እንደሚያሳጣን እናውቃለን።

7. ከመርከቡ በኋላ የተሠራው

ትምህርቱን በኀዘን ብቻ እንዳንዘጋ አንድ ነገር እንጨምር። ከታይታኒክ በኋላ ሰዎች አልቅሰው ብቻ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1914 መንግሥታት በለንደን ተሰብስበው በባሕር ላይ ስላለ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ ጀልባ እንዲኖር፣ የራዲዮ ጥበቃው ሌሊትና ቀን እንዳይቋረጥ፣ በረዶውን የሚጠብቅ የቅኝት አገልግሎት እንዲቋቋም ተስማሙ። ሥዕሉ ሰውን አስለቀሰ፤ ሕይወት ያዳነው ግን መቀመጫ መቁጠርና ሳይተኙ መጠበቅ ነው።

በመንደራችንም ሥራው ይኸው ነው። የዝናቡን መዘግየት የሚመዘግብ ሰው፣ የእህልና የከብት ዋጋ በገበያ እንዴት እንደ ዋለ የሚጽፍ ሰው፣ ስንት ቤት ዘር እንደ ጨረሰ የሚቆጥር ሰው፣ እነዚህ የራዲዮ ጠባቂዎች ናቸው። ገበሬው በሬውን መሸጥ ከመጀመሩ በፊት የሚደርስ እርዳታ ፎቶግራፍ አይወጣውም፤ ምንም የሚያስለቅስ ነገር አልሆነምና። የምንለምናችሁ ለዚህ ፎቶግራፍ ለሌለው ሥራ እንድታዝኑለት ነው።

ከደባርቅ አቅራቢያ የመጡት እናት በሦስተኛው ቀን ሊለያዩን ሲሉ ሥዕሉን እንደ ገና አዩትና፣ «አሁን እናንተ ስትሥሉን ከእኛው ጋር ተቀምጣችሁ ሣሉን» አሉን። በዚህ ቃል ሄዱ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ወር ያያችሁትን አንድ የአደጋ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ አስታውሱ። ያነሣው ሰው በየት ቆሞ ነበር? በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቢጠየቁ ምን የሚሉ ይመስላችኋል?

2. በአካባቢያችሁ «መርከቡ አድጎ ሕጉ በነበረበት የቀረ» ነገር ምንድን ነው? የውኃው ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የእህል ማከማቻው አሁን ላለው ሕዝብ ይበቃልን? ቆጥራችሁ ጻፉ።

3. ከመካከላችሁ የልጁን ወሬ ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ አለን? ሄዳችሁ ጠይቃችኋልን?

4. ሥዕል የሌለውን ማስጠንቀቂያ ሰምተን እንድንነሣ የሚረዳን ምንድን ነው? በመካከላችሁ ማን ሳይተኛ ይጠብቃል? ተራውንስ እንዴት ትከፋፈላላችሁ?